ምስጉን ጠባይ ያላቸው

ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ለማወቅ ፊርማው ጋ መድረስ አላስፈለገኝም። ሁለተኛው መስመር ላይ አወቅሁት። «በቆዩበት ጊዜ ሁሉ የተሰጣቸውን ኃላፊነት በትጋትና በቅንነት የተወጡ፣ ከሕፃናት ጋር በፍቅር የሚሠሩ፣ ምስጉን ጠባይ ያላቸው መሆኑን እንገልጻለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ከተማው ማዶ ባለ ሌላ የግል ትምህርት ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት በነበረች ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። ሥራ የሚለቅ ሰው ሁሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቃል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ አንዱን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ትወስድ ነበር። እኔ ስምና ቀን ብቻ ክፍት የተተወበት ቅጽ ሠራሁና አምስት ደቂቃ አደረግሁት። «ፈጣኗ» የሚል ስም አወጡልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰውየውንም አስታወስኩት። የተማሪዎች ሰርቪስ ረዳት ነበር፤ ፊቱ ሰፊ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ «ዛሬውኑ ጻፊለት» አለችኝ። «ለምን ለቀቀ ልበል?» አልኳት። «በራሱ ፈቃድ በይ። ደግ ደግ ቃልም ጨምሪበት።» እኔም ጨመርኩ። «ከሕፃናት ጋር በፍቅር የሚሠሩ» የሚለው ቅጹ ላይ አልነበረም። ለእሱ ብቻ የገባ ነው። ያን ቀን የአሥራ አንድ ሰው ውል ማደስ ነበረብኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

አሁን ሁለት ዓመት አልፎ፣ በአዲሱ መሥሪያ ቤቴ፣ ያው ደብዳቤ ተመልሶ እኔው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሰውየው ለሦስት ቁጥር ሰርቪስ ረዳትነት አመልክቷል።

አዲሱ የሕፃናት ደህንነት መመሪያ ለማንኛውም ተቀጣሪ አምስት ወረቀት ይጠይቃል፦ መታወቂያ፣ የጤና ምርመራ፣ የዋስ ፎርም፣ አሻራ ተሰጥቶበት ከፖሊስ የተወሰደ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የቀድሞ አሠሪ ደብዳቤ። አምስቱም ነበሩ። አሻራው ንጹሕ ነው፤ ተከሶ የማያውቅ ሰው አሻራ ሁሉ ንጹሕ ነው። ስድስተኛው ነገር ወረቀት አይደለም። የቀድሞው አሠሪ ዘንድ ተደውሎ የሰጠው መልስ አራት ጣት በምታህል ሳጥን ውስጥ ይጻፋል። ደወልኩ።

ያነሳችው እኔን የተካችው ልጅ ናት። ድምፅዋ ገና የምረቃ ጋዋኗን ያወለቀች ያስመስላታል።

«ፋይሉን ላውጣው፣ አንዴ ይጠብቁኝ... አለ! በቆዩበት ጊዜ ሁሉ የተሰጣቸውን ኃላፊነት በትጋትና...»

«እሱን አንብቤዋለሁ። ከደብዳቤው ውጪ የምታውቂው ነገር አለ?»

«እኔ እንኳ አዲስ ነኝ። ግን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ይኸው ተጽፏላ።»

«ማነው የጻፈው?»

«ፊርማው አይነበብም።»

ፊርማዬ እንደማይነበብ ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሳም።

ዳይሬክተሩ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ሦስት ቁጥር ሰርቪስ ረዳት ካጣ ሳምንት አልፎታል፤ ጸሐፊዋና የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ተራ እየገቡ ልጆች ያወርዳሉ፤ ወላጅ በየቀኑ ይደውላል።

«ወረቀቱ ሙሉ ነው አይደል?»

«አምስቱም አሉ።»

«ስልኩስ?»

«ደውያለሁ። ደብዳቤውን አነበቡልኝ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ልጅ ልትድሪለት ነው እንዴ እንዲህ የምታጣሪው? ሰኞ ይጀምር።»

በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደለቀቀ ግን አላውቅም» ማለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ነገር ግን መመሪያው ሳያረጋግጥ ስለ ሰው ጠባይ የመሰከረ ሠራተኛ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት እንዲደረግና ትምህርት ቤት ውስጥ ዳግመኛ እንዳይቀጠር ይላል። ያንን አንቀጽ ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ሳጥኑ ውስጥ «የደብዳቤው ትክክለኛነት ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ደብዳቤው ትክክለኛ ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ሊያረጋግጥ?

ሰኞ ጠዋት ሊፈርም መጣ። ሸሚዙ ያው የተተኮሰ ነው።

«እህቴ! እዚህ ነሽ እንዴ? ዓለም ጠባብ ናት እኮ። ውለታሽን አልረሳሁም፤ ያቺ ደብዳቤሽ ስንት በር ከፈተችልኝ መሰለሽ።»

«ስንት በር?»

ሳቀ። «ሁለት ሦስት።»

ፋይሉ ላይ ከዚያ ትምህርት ቤት በኋላ ምንም ሥራ አልተጻፈም። ሁለት ዓመት ባዶ ነው። ይህን ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱ ግድግዳውን እያየ ነበር። የእህቴ ልጅ የሣለችኝ ሥዕል አለ፤ አፌ ከጭንቅላቴ ይበልጣል፣ በሁለቱም እጄ ስልክ ይዣለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ እዚሁ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። በሁሉም ነገር ላይ ስለምትፈርድ ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ነው የምንላት። በሦስት ቁጥር ሰርቪስ ነው የምትመላለሰው።

«የማን ሥዕል ነው?»

«የዘመድ ልጅ።»

«እዚህ ነው የምትማረው?»

ፋይሉን ዘጋሁ። ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«አሃ፣ ከሥር ስሟን ጽፋለች» አለ። «ክፍሏንም።»

ሲወጣ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሞኝነት ነው፤ ካነበበ በኋላ ምን ዋጋ አለው።

ማክሰኞ ምንም አልሆነም። ልጆቹ ወደዱት። ሹፌሩ፣ ሰው ለማመስገን የማይቸኩሉት ጋሼ፣ «ሥርዓት ያለው ሰው አመጣሽ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ምሳዬን ግን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመስመር ቅጹ ጠረጴዛዬ ደረሰ። ረዳቱ ልጆቹ የሚወርዱበትን ቅደም ተከተል ይሞላል፤ እኔ ከማኅደር ጋር አያይዘዋለሁ፤ ማንም አያነበውም። እኔ አነበብኩት። ዳኛዋ ሦስተኛ ወራጅ ነበረች፤ ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በመኪና ሰባት ደቂቃ ነው። በአዲሱ ቅጽ ላይ አሥራ ስምንተኛ ናት፤ የመጨረሻዋ። ምክንያት በሚለው ዐምድ ውስጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የመንገድ ቁፋሮ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ»።

ያን መንገድ ጠዋት በእግሬ መጥቼበታለሁ። አንድም ድንጋይ አልተነሳም።

የድሮው ትምህርት ቤት ዘበኛ ስልክ አሁንም ስልኬ ላይ ነበር። በየሄደበት በር ዝጉ ስለሚል «አባ ዝጉ» እንለው ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ፈጣኗ።»

«ውይ ልጄ! አለሽ? እንደ ስምሽ ፈጥነሽ ጠፋሽ እኮ።»

«አባባ፣ ቸኩያለሁ...»

«መቼ ሳትቸኩዪ ቀርተሽ።»

«የሰርቪሱ ረዳት። ያ ፈገግተኛው። ለምን ነበር የለቀቀው?»

 ከበስተጀርባው ብረት በር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ምነው፣ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እኛ ጋ ተቀጥሯል።»

«ማነው የቀጠረው?» አለ። መልስ አልጠበቀም። «ልጄ፣ እኔ የበር ሰው ነኝ። የማየው የሚገባና የሚወጣውን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት መግባት ያለበት አውቶቡስ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ መግባት ጀመረ። ሹፌሩን ለምን ስለው፣ አንዷን ልጅ መጨረሻ አድርጎብኝ ነው አለኝ፤ ቤቷ እዚሁ ሥር ሆኖ ሳለ። ደግሞ ውሃ ግዛልኝ፣ ካርድ ግዛልኝ እያለ ያስወርደኛል አለኝ። ከዚያ እናቲቱ መጣች። ቢሮ ገቡና በር ዘጉ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ልጅቷን አስወጣቻት። እሱ በሳምንቱ ደብዳቤውን ይዞ፣ ሰላም ብሎኝ ወጣ።»

«ምን አድርጎ ነው?»

«ያላየሁትን አልልም። ያየሁት ይኸው ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እኔን የገረመኝ፣ ያን የመሰለ ደብዳቤ ማን ጻፈለት?»

ግቢ ውስጥ የአውቶቡስ ሞተር ተነሳ። ስልኩን ዘጋሁት።

በተረከዝ ጫማ መሮጥ ለተመልካች አስቂኝ ነው፤ የስፖርት መምህሩ በፊሽካው አጀበኝ። ሦስት ቁጥር በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከፊቱ ቆምኩ። ጋሼ ፍሬኑን ረግጠው በመስኮት ብቅ አሉ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ልትሞቺ ነው?»

«እኔም እሄዳለሁ። ቁጥጥር ነው።»

ረዳቱ በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ እጁን ዘርግቶ ሊያወጣኝም ነበር። ብረቱን ይዤ ወጣሁ።

ዳኛዋ ከፊት ወንበር ላይ፣ ከእሱ ቦታ አጠገብ፣ ለብቻዋ ተቀምጣለች።

«አክስቴ! ለምን ትሮጫለሽ? ጥፋት አለ?»

«የለም። እዚህ ማን አስቀመጠሽ?»

«እሱ። ቀበቶው ደህና ነው አለኝ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ ግን አውቶቡሱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ዛሬ መጨረሻ ስለሆንኩ የሆነ ነገር ያሳየኛል። ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል። አንቺ ደግሞ እማዬ አይደለሽም» አለችኝ።

ቀና ስል እያየኝ ነበር። ፈገግታው አልተነቃነቀም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ወረዱ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጋሼ ቀጥ ብለው ሊያልፉ ሲሉ ትከሻቸውን ነካኋቸው።

«ጋሼ፣ በዚህ ይታጠፉ።»

«ተቆፍሯል ተብሏል እኮ።»

«ማን ቆፈረው? እርስዎ ጠዋት በየት መጡ?»

ጋሼ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። «በዚሁ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ሲለኝ ከእኔ በኋላ ተቆፍሮ ይሆናል ብዬ።»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው» አለ ረዳቱ።

መንገዱ እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነበር። ጋሼ ቤታችን በር ላይ አቆሙ። እህቴ ልጇን ልትጠብቅ በሩ ላይ ወጥታለች።

«አንቺ ደግሞ በሰርቪስ ጀመርሽ? ምነው ፊትሽ?»

«አስገቢያት። ነገ በሰርቪስ አትሄድም። ዛሬ ምን እንደነገራት ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ አትቆጪያት።»

«ማን? ምን?» እጄን ያዘችኝ።

«ስመለስ እነግርሻለሁ። ገና አሥራ አምስት ልጆች አሉ።»

ዳኛዋ ስትወርድ ሌላ ልጅ የመጨረሻ ይሆናል፤ ስለዚህ መውረድ አልቻልኩም። በየበሩ ስንቆም ቆጠርኩ። አሥራ አራት፣ አሥር፣ ሰባት። ቦርሳቸውን እያቀበለ፣ ኮታቸውን እየቆለፈ፣ ሁሉንም በየስማቸው እየጠራ አወረዳቸው። በሦስት ቀን የአሥራ ስምንት ልጅ ስም ይዟል። እኔ እዚህ ስሠራ ወራት አልፎኝ ግማሹን አላውቅም። መጨረሻ የወረደችው እንቅልፍ የጣላት የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ሊሸከማት ሲነሳ ቀደምኩት።

ባዶው አውቶቡስ ውስጥ መተላለፊያውን ተሻግሮ ከእኔ ትይዩ ተቀመጠ።

«ደከምሽ እህቴ።»

«አልደከመኝም።»

«ሰው ያወራል። ወሬ ደግሞ ወሬ ነው። ከሳሽ የለ፣ ክስ የለ። አሻራዬን አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ደብዳቤም አለኝ። ወይስ ለዳይሬክተሩ ሐሰት ነው ልትያቸው ነው?» ድምፁ ጥሩ ልብስ ሰፊ የሚጠቁም ሰው ድምፅ ነበር። «ሐሰት ከሆነ ሐሰተኛዋ ማን ናት? እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩበትም። ላንቺው አስቤ ነው።»

ጋሼ ሬዲዮኑን አጠፉት።

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይገባ ገብቼ ሳጥኑ ውስጥ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። በሌላ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ደብዳቤው የእኔ መሆኑን፣ ሳላውቅ መመስከሬን፣ ዘበኛው ያለኝን፣ የመስመር ቅጹን፣ ልጅቷ የተባለችውን። ማኅተም መትቼ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በእጄ አደረስኩ። መዝገብ ቤቷ ቁጥር ሰጠችውና «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ሳምንት ተመለሺ» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ተረኛው ወረቀቱን አንብቦ «ምን ደረሰ ታዲያ?» አለኝ። አልደረሰም አልኩት። «እንኳን አልደረሰ» አለኝ፣ ከልቡ።

ስመለስ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛቸው ላይ የተውኩላቸውን ኮፒ ይዘው ቢሮዬ ውስጥ ቆመዋል።

«እኔን ሳታማክሪ?»

«ሰኞ ባማክርዎት ኖሮ ይሻል ነበር።»

«ወላጅ ቢሰማ ግማሹ ክፍል ባዶ ይቀራል፤ ይገባሻል? ሰውየው አሁን ይሰናበታል፤ እሱ ላይ ተስማምተናል። ሦስት ቀንም ቢሆን ሠርቷል፤ ደብዳቤ ጻፊለትና በሰላም ይሂድልን።»

«ምን ብዬ?»

«እንደ ሌላው ሰው ነዋ!»

«አልጽፍም።»

«እንግዲያው እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ ኮምፒውተሩ ላይ አለ።»

ነበረ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት በፍላሽ ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ «ጊዜ ይቆጥብልናል» ብዬ። ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮአቸው ሄዱ። ፕሪንተሩ ግን ያለው እኔ ጋ ነው። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ አለና ወረቀቱ ከአጠገቤ እየሞቀ ወጣ። «በቆዩበት ጊዜ ሁሉ።» ሰውየው ኮሪደሩ ላይ፣ ለወላጆች በተቀመጠው ወንበር ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ዳይሬክተሩ ተመልሰው መጡና ፈረሙበት። «ማኅተም።»

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ሲያሰናብቱኝ አስረክባለሁ።»

«እሱም ሩቅ አይደለም።»

«እጠብቃለሁ።»

ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የገበያ ዝርዝር ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊታቸው ቀላ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ላይ መጣ።

«በእኔ ምክንያት አትጣሉ» አለ። «ግድ የለም። ይሄ ይበቃኛል።»

ከደረት ኪሱ ውስጥ ላስቲክ አወጣ። ውስጡ ዋናው ደብዳቤ ነው፤ የሁለት ዓመቱ፣ ባለ ማኅተሙ፣ የማይነበበው ፊርማዬ ያለበት። መመሪያው ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ ይላል፤ ሰኞ ዕለት እኔው ነኝ የመለስኩለት።

«ስጠኝ» አልኩት።

«የኔ እኮ ነው፣ እህቴ።» አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ የእኛ ዘበኛ በሩን ከፈተለት፤ ተጨባበጡ።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ደብዳቤውን ያየ ሰው ከደወለ የሚደውለው ወደ ድሮው ትምህርት ቤት ነው። ደወልኩ። ልጅቷ አነሳች።

«ባለፈው ሐሙስ ስለ ሰርቪስ ረዳቱ የጠየቅኩሽ ነኝ። ፋይሉን አውጪና የምነግርሽን ጻፊበት። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ቢደውል እንዳታነቢለት። እኔ ጋ እንዲደውል ንገሪው።»

«እንዴ! ምነው፣ ችግር አለ?»

«አለ። ጻፊ።»

እስክሪብቶ ስትፈልግ ሰማኋት። ከዚያ ቆመች።

«ዛሬ ጠዋት ግን አነበብኩላቸው።»

«ለማን?»

«ለደወሉት። ስለ እሳቸው የጠየቁ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ትምህርት ቤት። በጣም አመሰገኑኝ።»

«የትኛው ትምህርት ቤት?»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች። «ቸኩለው ነበር።»